ኤምኢፒ ስማር፦ ሲግናል ሲጠፋ የት ልፈልገው?

ሰላም ለሁላችሁ። በቀዶ ጥገና ወቅት የነርቭ ክትትል እየተማራችሁ ኤምኢፒ (አንጎልን በኤሌክትሪክ ቀስቅሶ የጡንቻውን ምላሽ ስክሪን ላይ በሞገድ ማየት) ላይ ለደረሳችሁ፣ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ። ሲግናል ማውጣቱን ቶሎ ነው የለመድኩት። ጊዜ የወሰደብኝ የወጣው ሲግናል ድንገት ሲጠፋ ምክንያቱን መለየት ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ልቆይ።

መሠረቱን ባጭሩ። ታካሚው ተኝቷል፣ እግርህን አንቀሳቅስ ቢባል አይሰማም። በ1973 ስታኛራና ባልደረቦቹ ለስኮሊዮሲስ (የአከርካሪ መጣመም) ቀዶ ጥገና ያመጡት መላ ታካሚውን በቀዶ ጥገናው መሃል ማንቃት ነበር። ዛሬም ሲግናል አልመለስ ሲል ይሠራበታል፣ ግን የሚያሳየው የዚያችን ደቂቃ ሁኔታ ብቻ ነው። ኤስኤስኢፒ (የእጅ ወይም የእግር ነርቭ ተቀስቅሶ አንጎል ላይ የሚነበበው ምላሽ) ደግሞ የሚከታተለው የስሜትን መንገድ፣ ማለትም የህብለ ሰረሰርን የኋላ ክፍል ነው። የእንቅስቃሴው መንገድ ግን ደም የሚያገኘው በአብዛኛው ከፊት በኩል ካለው የደም ስር ነው። ያ ደም ሲቋረጥ ኤስኤስኢፒ ምንም ሳይነካ ታካሚው ሽባ ሆኖ ሊነቃ ይችላል። ኤምኢፒ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መርተንና ሞርተን በ1980 የራስ ቅል ሳይከፈት አንጎልን በኤሌክትሪክ መቀስቀስ እንደሚቻል አሳዩ። የሞከሩት ግን በነቃ ሰው ላይ ነው። ማደንዘዣ ሲኖር ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያለው የሞተር (ጡንቻን የሚያዘው) ህዋስ ስለሚዳከም አንድ ምት አያነሳውም፤ የመጀመሪያው ምት ውጤት ሳይከስም ሁለተኛው፣ ከዚያም ሦስተኛው ሊደርስበት ይገባል። ከ4 እስከ 8 ምት፣ በ2 እና በ4 ሚሊሰከንድ መካከል እያራራቅን የምንልከው ለዚሁ ነው። ይህ ሲገባኝ ስክሪኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ትርጉም አገኙ። ሲግናል ሲደክም መጀመሪያ ቮልት ላይ መሮጥ ቀረ፤ የምቱን ብዛትና ርቀቱን ማየት ተለመደ። በተለይ በአንጎል ቀዶ ጥገና ላይ ቮልት በጣም ሲበዛ ኤሌክትሪኩ ጠልቆ ይገባና ሐኪሙ ከሚሠራበት ቦታ በታች ያለውን መንገድ ይቀሰቅሳል። ያኔ ከላይ ጉዳት እየደረሰ እጅ ላይ ያለው ሞገድ ያምራል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አንድ የተጣመመ አከርካሪ የማቃናት ኬዝ ላይ ብረቱ ገብቶ መቃናት እንደተጀመረ የግራ እግር ሞገድ ጠፋ፣ የቀኙም አነሰ። በሁለቱም እጆች አውራ ጣት ሥር ያሉት ሞገዶች ግን ከምቱ ከ20 ሚሊሰከንድ በኋላ እንደወትሮው ይመጣሉ። አሠልጣኜ ያስለመዱኝ ነገር ቢኖር ምክንያቱን እስካገኝ ዝም እንዳልል ነው። «የግራ እግር ጠፍቷል፣ የቀኝ ቀንሷል፣ እጆች አሉ» ብዬ ጮክ አልኩ። ሐኪሙ እጁን አቆመ።

እጅ መኖሩ ብዙ ነገር ይናገራል። ቀስቃሹ ማሽን ይሠራል፣ ራስ ላይ ያሉት ኤሌክትሮዶች አልተነቀሉም፣ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒትም የሰጠ ሰው የለም ማለት ነው። ግን እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ የእግር ሲግናል በማደንዘዣ ከእጅ ቀድሞ ይደክማል፣ ስለዚህ እጅ አለ ብላችሁ ማደንዘዣውን ነጻ አታውጡት። ፕሮፖፎል (በደም ስር የሚሰጠው ማደንዘዣ) ተጨምሮ እንደሆነ ጠየቅኩ፤ አልተጨመረም፣ ጋዝም አልተከፈተም። ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያለውን ነርቭ አራት ጊዜ ስንቀሰቅሰው ጡንቻው አራቱንም መለሰ፤ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት እግሩንም አልያዘውም ማለት ነው። የእግሩ መርፌዎችም ቦታቸው ላይ ናቸው። የቀረው የደም ግፊትና የሐኪሙ ሥራ ነው። አማካይ የደም ግፊቱ 60ዎቹ ውስጥ ነበር። የአንስቴዢያ ባለሙያዋ ከ85 በላይ አወጣችው፣ ሐኪሙም ብረቱን አላላው፣ ቁስሉ ላይ ሞቅ ያለ ጨዋማ ውሃ ፈሰሰ። ትንሽ ቆይቶ የግራ እግሩ ሞገድ በደቃቁ ብቅ አለ፣ ቀስ በቀስም አደገ። ከዚያ በኋላ ማቃናቱ በመጠኑ ነው የቀጠለው።

የጠፋው የአንድ እጅ ብቻ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የማየው የክንዱን አቀማመጥ ነው። ትከሻ ተወጥሮ ወይም ተጭኖ ይሆናል፤ ክንዱን ማላላት ብቻ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ከሰዓታት በኋላ ሁሉም ቦታ እኩል ቀስ እያለ ሲያንስ ደግሞ የረጅም ማደንዘዣ ድካም ነው፣ የሚፈለገው ቮልትም እየጨመረ ይሄዳል። ይህን ለመለየት ከመጀመሪያው ጀምሮ ቮልቱን፣ ግፊቱንና የመድኃኒቱን መጠን ከሰዓቱ ጋር መጻፍ የግድ ነው። ማስታወሻ የሌለው ሰው ያኔ ይጨነቃል።

ህብለ ሰረሰር ውስጥ ላለ እጢ ዲ-ዌቭ (ከጡንቻ ሳይሆን ከህብለ ሰረሰሩ ላይ የሚነበበው ሞገድ) ትልቅ እገዛ ነው። ኤሌክትሮዱ ከእጢው በታች ህብለ ሰረሰሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ሞገዱ ከአንጎል በቀጥታ ይመጣል፣ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት አይነካውም። የጡንቻው ምላሽ ጠፍቶ ዲ-ዌቭ ከመጀመሪያው ቁመቱ ከግማሽ በላይ ከቆየ ድካሙ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜያዊ ነው። ታካሚው ሲነቃ እግሩ ባይንቀሳቀስ እንኳ ለሐኪሙ ተስፋ የሚሰጥ መረጃ ነው። ህብለ ሰረሰሩ ወደ ታች ሲያልቅ ግን ቃጫዎቹ ስለሚያንሱ እዚያ አይሠራም።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ምቱ ሲሄድ መንጋጋ በኃይል ይጨብጣል። በሁለቱም በኩል በጥርሶቹ መሃል ለስላሳ መከላከያ ይግባ፣ ምላስም በጥርሶቹ መካከል አለመግባቱን እዩ። ታካሚው በሆዱ ከተገለበጠ በኋላ ደግሞ እንደገና እዩ፣ ይንሸራተታልና።

አሁን የጀመርኩት ከአንጎል የላይኛው ሽፋን ሥር ያለውን የሞተር መንገድ እጢ ሲወጣ በቀጥታ ቀስቅሶ ማግኘት ነው። በግምት 1 ሚሊአምፔር 1 ሚሊሜትር ያህል ርቀት ይባላል፣ ስለዚህ በ3 ሚሊአምፔር እጅ ከተንቀሳቀሰ መንገዱ በጣም ቅርብ ነው። ከናንተ ውስጥ ይህን የሚሠራ ካለ፣ ለሐኪሙ «አቁም» የምትሉት ስንት ላይ ስትደርሱ እንደሆነ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።