በረኛው 33

ዛሬ ልጄን ይዤ ዴንቨር ቦል አሬና ሆኪ ልናይ ገባን፣ የበረዶው ቅዝቃዜ ወንበራችን ድረስ ይመጣል፣ ፓኳ (እንደ ኳስ የሚመቷት ጠፍጣፋ ጎማ) የጎሉን ብረት ስትመታ ደግሞ ጓ! ስትል ልብ ትሰነጥቃለች። ልጄ ቀና ብሎ የተሰቀለውን 33 ቁጥር አየና «አባ ይሄ ማነው?» አለኝ

ፓትሪክ ሯ! በፈረንጅ 1986 ገና በ20 አመቱ ለሞንትሪያል ክለብ ስታንሊ ካፕ (የሆኪ ሊጉን ዋንጫ) የበላ በረኛ፣ በ1993ም ደገመው። ከዛ በ1995 ዲሴምበር ዲትሮይት 9 ጎል አገባበት፣ አሰልጣኙ ቶሎ አልቀየረውም፣ ሯ በንዴት ለክለቡ ፕሬዝዳንት እዛው ወንበሩ ድረስ ሄዶ ለሞንትሪያል የመጨረሻ ጨዋታዬ ነው አለው፣ በ4 ቀን ውስጥ ወደዚህ ኮሎራዶ ተሸጠና በዛው ሲዝን ዋንጫ አነሳ!! 9 የገባበት ሰው እኮ ነው፣ እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። በ2001 አራተኛውን ጨመረ

በ2003 ጫማውን ሰቀለና አሰልጣኝ ሆነ፣ ኩቤክ ላይ ታዳጊዎቹን ሬምፓርትስን ይዞ በ2006 እና በ2023 ሜሞሪያል ካፕ (የታዳጊዎቹን ዋንጫ) በላ፣ በመሀል ኮሎራዶን እያሰለጠነ በ2014 የሊጉ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ።

ከጎሉ ብረቶች ጋር ያወራ እንደነበር ስነግረው ልጄ አይኑ ፈጠጠ፣ መኪና ውስጥ «ምን ይላቸው ነበር?» እያለኝ እንቅልፍ ወሰደው ❤️