ከሸገር ድሬ፣ ከድሬ ሐረር፦ የሆሊገር ሙዚቃ በኦቦ

ኦቦ፣ ማለትም ከእንጨት የተሠራውን የትንፋሽ መሣሪያ፣ ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ከልብሱ በፊት የሚያሰናዳው ሪዱን፣ አፍ ውስጥ ገብቶ የሚነፋውን የሸንበቆ ምላስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድሬ 1,200፣ ሐረር ደግሞ 1,880 አካባቢ። በባሕር ዳርቻ ካለው የአየር ግፊት ሸገር የሚደርሳት ሦስት አራተኛው ነው፤ ድሬ 87 በመቶ፣ ሐረር 80 በመቶ ያህል ታገኛለች። ሸገር ላይ ሪድ ይከብዳል፣ ድምፁም ይታፈናል፤ ስለዚህ ቢላ አንስተን እናሳሳዋለን። ያው የሳሳ ሪድ ድሬ ሲወርድ አፉ ይገጥማል፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ከፍ ያሉት ኖታዎች ቃናቸውን መያዝ ያቅታቸዋል።

ስለዚህ ሳጥኔ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሪድ ነበር፦ ለሸገር የሳሳ፣ ለሐረር መካከለኛ፣ ለድሬ ገና ያልተጨረሰ። ሦስተኛውን እዚያው ድሬ ላይ መጨረስ ይሻላል። ሪዱ ከሸንበቆ ነው የሚሠራው፤ የግንዱ ውፍረት ከ10 እስከ 10.5 ሚሊሜትር የሆነ፣ ከውስጥ ተፍቆ መሃሉ 0.6 ሚሊሜትር ገደማ የቀረ ቅንጣቢ ለሁለት ይታጠፍና 47 ሚሊሜትር ርዝመት ባላት ቱቦ ላይ በክር ይታሰራል። ሲያልቅ ጠቅላላው 72 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል። የሳሳ ሪድ ድሬ ላይ ከተልፈሰፈሰ ጫፉን በጣም በተሳለ ቢላ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ መቁረጥ፣ ነፍቶ መስማት፣ ካልበቃ እንደገና 0.1 መቁረጥ ነው። አንዴ 0.5 የቆረጠ ሰው ሪዱን ጣለ ማለት ነው።

የጉዞው ጉዳይ ስዊዘርላንዳዊው የኦቦ ተጫዋች፣ የሙዚቃ ደራሲና የኦርኬስትራ መሪ ሃይንዝ ሆሊገር ነበር፤ ለወጣት የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ሕይወቱን ማስረዳትና ሥራዎቹን ማሰማት። በአገራችን የኦቦ ተጫዋች ብርቅ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ያቋቋሙት የናስ ባንድ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህም ጥሩምባውና ሳክስፎኑ ነው የገነነው። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር የተሰበሰቡትም አብዛኞቹ ጥሩምባና ሳክስፎን የያዙ ነበሩ።

ሆሊገር በ1939 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ላንገንታል ተወለደ። በርን ውስጥ ኦቦን ከኤሚል ካሳኞ፣ ድርሰትን ከሻንዶር ቬረሽ ተማረ፤ ቬረሽ የሃንጋሪዎቹ የሙዚቃ ደራሲያን የባርቶክና የኮዳይ ተማሪ ነበር። ፓሪስ ሄዶ ከፒየር ፒየርሎ ጋር ኦቦውን አጠነከረ፤ ባዝል ላይ ደግሞ የፒየር ቡሌዝ የድርሰት ተማሪ ሆነ። በ1959 የጄኔቫን፣ በ1961 የሙኒክን ውድድር አሸነፈ። ለእኔ ግን ከሽልማቶቹ ይበልጥ የሚደንቀኝ ሦስቱን ሙያ አለመነጣጠሉ ነው፦ መሣሪያው የማይችለውን በደራሲነቱ ይጽፍና በተጫዋችነቱ እንዲችል ያደርገዋል።

ይህን ድሬ ላይ ማሳየት ይቻላል፤ ጉዳዩ ትንፋሽ ስለሆነ። ኦቦ አየር አያስጨርስም። የሪዱ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ የሚያስቸግረው የተቃጠለው አየር ሳይወጣ ሳንባ ውስጥ መታጎሩ ነው። ተጫዋቹ መጀመሪያ ማስወጣት፣ ከዚያ ማስገባት አለበት። ሆሊገር በክብ አተነፋፈስ ይህን አልፎ ሄደ፤ ጉንጭ የያዘውን አየር ወደ ሪዱ እየገፋ በአፍንጫ ይስባል። ልምምዱ ቀላል ዕቃ ነው የሚፈልገው፦ ግማሽ ብርጭቆ ውሃና አንድ ስትሮ። አረፋው ሳይቋረጥ በአፍንጫ መሳብ ነው። አረፋው የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ ጉንጭ ባዶ ሊሆን ሲል ለመሳብ ስለሚቸኩሉ ነው፤ ጉንጩ ገና ሙሉ ሳለ መሳብ ይገባል። ሳክስፎን የያዙት ልጆች ቶሎ ገባቸው። ጥሩምባ ላይ ግፊቱ ከባድ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል።

በ1971 ሆሊገር ለብቻ ኦቦ ባሰናዳው ጥናት አንድ ትንፋሽ ብዙ ኖታ በአንድነት ያሰማል። ይህ የሚገኘው በልዩ የጣት አያያዝና ከንፈር ሪዱን በሚጫንበት ልክ ነው። የሳሳው የሸገር ሪድ እዚህ ላይ ይከዳል፤ ድምፆቹ ተሰንጥቀው አንዱ ብቻ ይቀራል። በዚያው ዓመት በጻፈው ካርዲዮፎኒ የተጫዋቹ የራሱ የልብ ምት በድምፅ ማጉያ ይሰማል።

ሙቀቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ቀን 35 ዲግሪ ገደማ ትገባለች። አየር ሲሞቅ የትንፋሽ መሣሪያ ቃና ወደ ላይ ይወጣል፣ ክር መሣሪያ ደግሞ ይወርዳል። ልምምድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ነው የሚመቸው። ድርቀቱ እንጨቱን ስለሚያኮማትረው መጋጠሚያው ይላላል፣ ብሎኖቹም ይፈታሉ፤ ትንሽ ካቻቢቴ ከሳጥኑ አይለይ። ቀዳዳ ባለው የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ ማኖር ይበቃል። የብርቱካን ልጣጭ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ይሻግታልና አልመክርም።

ከድሬ በደንገጎ፣ በአዴሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ ወደ ሐረር ሲወጣ ሳጥኑ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አይጫንም፤ ጉልበት ላይ ይያዛል። ሐረር ጠዋት ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ ኦቦ ላይ ወዲያው መንፋት እንጨቱን ይሰነጥቃል፤ ውስጡ በሞቀ እርጥብ ትንፋሽ ሲያብጥ ውጪው አይከተለውም። የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክፍል ነው። በጋቢ ጠቅልሎ ብብት ሥር ለአሥር ደቂቃ ማሞቅ ያስፈልጋል።

ጀጎል ውስጥ በአንድ ጌጋር፣ በባህላዊው የሐረሪ ቤት፣ የጣሊያናዊውን ደራሲ የሉቺያኖ ቤሪዮን ሰባተኛ ሴኩዌንዛ፣ ለብቻ ኦቦ የተጻፈውን ሥራ ሞከርን። በ1969 ለሆሊገር የተጻፈ ነው። ኖታው 13 መስመር ነው፤ እያንዳንዱ መስመር 13 ክፍል አለው፤ የክፍሎቹም ጊዜ በሰከንድ ተለክቶ ከ3 ሰከንድ እየጠበበ ይሄዳል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሲ (B) ኖታ ከማይታይ ቦታ ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ ኦቦውም ያንኑ ሲ በተለያየ የጣት አያያዝ ቀለሙን እየቀያየረ ይጫወተዋል። የማያቋርጠውን ድምፅ ክላሪኔት የያዘች ልጅ ከጎን ካለው ክፍል ሰጠችን። የጌጋሩ ወፍራም ግድግዳና መደቡ ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ ማስተጋባቱን ስለሚውጡት የቀለሞቹ ልዩነት ጥርት ብሎ ወጣ። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ አይሰማም። ድምፁ ከስልክ ከሆነ ግን መጀመሪያ ኦቦውን ሩብ ሰዓት አሙቆ፣ ከዚያ ስልኩን በኦቦው ቃና ማስተካከል ነው። ስልኩ በተለመደው የ440 ኸርዝ ቃና ተቸንክሮ ከቀረ ሁለቱ ሲዎች ይጋጩና የቀለሙ ለውጥ በመንቀጥቀጡ ይሸፈናል።

ልጆቹ ከምን እንጀምር አሉ። ከሴኩዌንዛው አይጀመርም። መጀመሪያ ሆሊገር ከኦቦ ተጫዋቹ ከሞሪስ ቡርግ ጋር የቀረጸውን የዘሌንካን ሶናታዎች፤ ሁለቱን ኦቦዎችና ወፍራም ድምፅ ያለውን የትንፋሽ መሣሪያ፣ ባሱንን፣ እየለያችሁ ስሙ። ቀጥሎ በ1980 ፖላንዳዊው ደራሲ ሉቶስዋቭስኪ ለእሱና ሃርፕ ትጫወት ለነበረችው ለባለቤቱ ለኡርሱላ የጻፈውን ኮንቼርቶ። ከዚያ ኦርኬስትራ እየመራ ከኮሎኙ ሬዲዮ ኦርኬስትራ ጋር የቀረጻቸውን የሹማን ሲምፎኒዎች፤ የኦቦውን መስመር ብቻ ተከትላችሁ፣ የት ላይ እንደሚተነፍስ በእርሳስ እያሰመራችሁ።