የሚኒሶታን ብርድ የሚችል ወይን በበርሜል

በሰሜን አሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት ወይን ለመትከል የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዝርያውን በጥንቃቄ ሊመርጥ ይገባል፤ የአውሮፓ የወይን ዘር የዚህን አገር የጥር ብርድ አይችለውምና። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ፍሮንተናክ የተባለው ዝርያና በ2006 ያወጣው ማርኬት የተባለው ዝርያ ጥንካሬያቸውን ያገኙት በወንዝ ዳር ከሚበቅለው የዱር ወይን ነው። ሁለቱም በዋነኛነት ለመጠጥ የተዘጋጁ ስለሆኑ፣ ዘለላውን እየቀጠፈ መብላት ለሚፈልግ ቤተሰብ በ1944 የወጣውን ብሉቤል የተባለውን ዝርያ እመርጣለሁ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የበርሜሉ አፈር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከጓሮ የዛቅሁትን ጥቁር አፈር ብቻ በርሜሉ ውስጥ ሞልቼ ከታች ጠጠር አነጠፍሁ፤ ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ተኝቶ ሥሩን አበሰበሰው። ችግኙን ስነቅለው ሥሩ ጠቋቁሮ፣ ልጣጩ በጣቶቼ መካከል እየተገፈፈ ቀረ። አሁን ሁለት እጅ የደቀቀ የፓይን ዛፍ ቅርፊት፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስትና አንድ እጅ ፐርላይት (አፈሩን የሚያላላ ቀላል ነጭ ጠጠር መሰል ነገር) ቀላቅዬ፣ ታችኛው ወለሉ በተበሳና 60 ሊትር ያህል በሚይዝ በርሜል እተክላለሁ። ድብልቁ ረጥቦ በእፍኝ ተጨብጦ ሲለቀቅ መፈርፈር አለበት።

ዝርያው ብርድ የሚችል ቢሆንም፣ ግንዱ የሚችለውን ቅዝቃዜ በበርሜል ውስጥ ያለው ሥር አይችለውም። ስለዚህ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ በርሜሉን ማሞቂያ ወደሌለው ጋራዥ አስገብቼ፣ አፈሩ ፈጽሞ እንዳይደርቅ አልፎ አልፎ ጥቂት ውሃ አጠጣዋለሁ። ማርኬት ቀድሞ ስለሚያቆጠቁጥ፣ በፀደይ ወደ ውጭ ሲወጣ ውርጭ በሚያሰጋበት ሌሊት በጨርቅ መሸፈን ያስፈልገዋል።