54ቷን ዛሬ ጻፍኳት

ዛሬ የፕሌን ትኬት ቆረጥኩ፣ ከጅማ አዲስ አበባ፣ ለስኳር ክትትሌ። ለሌላ ሰው ተራ ነገር ነው፣ እኔ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስብሰለሰልበት ነው የከረምኩት።

መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአውቶብስ ቀኑን ይበላል፣ በፕሌን አንድ ሰዓት አይሞላም። ግን አጭር በረራ ለርቀቱ ብዙ ነዳጅ ነው የሚፈጀው፣ ሲነሳና ከፍታ እስኪይዝ ስለሚያቃጥል፣ ሰው የሞላ አውቶብስ ደግሞ ለነፍስ ወከፍ ሲካፈል ጭሱ በጣም ያንሳል። ይሄን እያወቅኩ እንዴት ልሳፈር? አባቴ ጅማ አጠገብ ማና ውስጥ ቡና አለው፣ ዝናቡ ሲዛባ አበባው እንዴት እንደሚረግፍ አይቻለሁ፣ ቡና ሙቀት አይችልም። ለዛ ነው ባለፈው አልበርም ብዬ በአውቶብስ የሄድኩት።

ጊቤ ቁልቁለት ላይ ላብ አጠመቀኝ፣ የበረሃው ሙቀት ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ ከዛ ፊደሉ ሁሉ ሲደበዝዝብኝ ስኳሬን ለካሁ፣ 54። ከ70 በታች አደጋ እንደሆነ ከልጅነቴ ነው የማውቀው። አጠገቤ የነበሩ እናት "ምን ሆንሽ ልጄ" ብለው የራሳቸውን ጁስ ከፍተው አጠጡኝ፣ 15 ደቂቃ ጠብቄ ስለካ 81። እግዜር ይስጣቸው።

የሚያሳፍረኝ ከዛ በኋላ ያደረግኩት ነው፣ 54ቷን ስኳሬን የምመዘግብበት ደብተሬ ላይ አልጻፍኳትም። ዶክተሯ እንዳታይብኝ። ስንት ዓመት ደብተሬ ላይ መጥፎ ቁጥር እንዳይኖር ስታገል ኖርኩ፣ ከ180 ያለፈ ቁጥር ካየሁ እራት እስከመከልከል ድረስ ራሴን እቀጣለሁ፣ እሷ ግን ኢንሱሊኔን የምታስተካክለው እኮ በዛ ደብተር ነው! የደበቅኩትን ቁጥር በምን ታውቀዋለች?

የፕሌኑም ጭንቀት ከዚሁ መጥፎ ቁጥር ከመፍራት የመጣ መሰለኝ። አቪዬሽን ከዓለም የካርቦን ልቀት 2.5 ከመቶ ገደማ ነው፣ አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ደግሞ በዓመት አንዴም አይበርም፣ ስለዚህ ጭሱ በጥቂት ተመላላሾች ላይ ነው የሚከመረው። ያም ሆኖ የእኔ አንድ ወንበር ምንም አይደለም አልልም፣ ያሳስበኛል፣ አባቴ ጓሮ ስቆም የበለጠ ያሳስበኛል። ግን ብቻዬን ጊቤ ላይ መውደቅ የቡናውን ዛፍ አያድነውም።

ስመለስ በአውቶብስ ነው፣ እህቴ አዲስ አበባ ስላለች አብራኝ ትመጣለች፣ ጁስ ሁለት ይዣለሁ። ደብተሩን ቅድም ከፍቼ በዛ ቀን ላይ 54 ብዬ ጻፍኩ፣ ጎኑ ላይ "ጊቤ፣ ወልቂጤ ሳንደርስ"።