ቫኪዩም ሲበዛ

ዱቄት ማድረቅ ምን ያስቸግራል የምትሉ አትጠፉም። እርጥበቱ ውሃ ከሆነ እሺ፣ ታሞቁታላችሁ፣ እንፋሎቱ ወጥቶ ይሄዳል፣ አለቀ። አሴቶን ወይም ኢታኖል ሲሆን ግን እንፋሎቱ ይቀጣጠላል፣ የሚተነፍሰውን ሰው ይጎዳል፣ በዚያ ላይ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከዱቄቱ አስወጥቶ መልሶ መያዝም አለ። እኔን ለረጅም ጊዜ ያሞኘኝ ይሄ ሁለተኛው ነው።

ሥራው አብዛኛውን ጊዜ በዝግ ድራየር (ማድረቂያ) ውስጥ በቫኪዩም፣ ማለትም አየሩ በፓምፕ ተስቦ፣ ይሠራል። ግፊቱ ሲወርድ ሶልቬንቱ (እንደ አሴቶን ያለው ማሟሚያ ፈሳሽ) ብዙ ሙቀት ሳያስፈልገው ይፈላል፤ በተለመደው የአየር ግፊት በ78 ዲግሪ የሚፈላው ኢታኖል 100 ሚሊባር ላይ (ከተለመደው ግፊት አንድ አሥረኛው ገደማ) 30 ዲግሪ እንኳ አይጠብቅም። ደስ ይላል አይደል? እኔም ደስ ብሎኝ ቫኪዩሙን እስከ ጥግ እስበው ነበር። የረሳሁት ነገር፣ በዝቅተኛ ሙቀት የፈላ ነገር ወደ ፈሳሽ የሚመለሰውም በዚያው ዝቅተኛ ሙቀት መሆኑን ነው። አሴቶን በ100 ሚሊባር ፈሳሽ እንዲሆን ኮንደንሰሩ (እንፋሎቱን አቀዝቅዞ ፈሳሽ የሚያደርገው ክፍል) ወደ ዜሮ ዲግሪ መጠጋት አለበት። በተራ ማቀዝቀዣ ውሃ ይሄ አይሆንም። እንፋሎቱ ኮንደንሰሩን ሰላም ብሎ አልፎ በፓምፑ ይወጣል።

ሌላው ጣጣ ብናኙ ነው። ቫኪዩሙን በአንዴ እስከ ጥግ ከሳባችሁት እርጥቡ ዱቄት ይንፈቀፈቅና ደቃቁ ከእንፋሎቱ ጋር ተነስቶ ፊልተሩ ላይ ይለጠፋል። ፊልተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ እንፋሎቱ እዚያው ፈሳሽ ይሆንና ሁሉም ጭቃ! አንዴ ከፍተን አካፋ ያስፈለገን ቀን አለ። አሁን መጀመሪያ ፊልተሩን አሞቃለሁ፣ ቫኪዩሙን ቀስ በቀስ እጨምራለሁ። ማማሰያውንም ገና ከጅምሩ አላፈጥነውም፤ አለበለዚያ ላዩ የደረቀ ውስጡ የረጠበ እንክብል ይሠራል።

ትዕግሥት የሚያስጨርሰው ግን መጨረሻው ነው። ላይ ላዩ ያለው ቶሎ ይተናል፣ በቅንጣቶቹ ቀዳዳ ውስጥ የተደበቀው አይወጣም። በእጅ ቢነካ ደረቅ ነው፣ ሲለካ አይደለም። የዱቄቱ ሙቀት ከቆመበት መውጣት ሲጀምር ቀላሉ ክፍል አልቋል ማለት ነው። መድኃኒት ላይ የሚፈቀደው ቅሪት ለአሴቶን 5000፣ ለሜታኖል 3000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ክፍል) ነው፣ ስለዚህ ግምት አያዋጣም። ትንሽ ናይትሮጅን ማሳለፍ ይረዳል፣ ግን እሱም እንፋሎቱን ይዞ በኮንደንሰሩ በኩል ሹልክ ይላል። ለማንኛውም ቫኪዩሙን ስትሰብሩ፣ ማለትም ጋዝ አስገብታችሁ ግፊቱን ስትመልሱ፣ በናይትሮጅን ይሁን፤ አየር፣ የሶልቬንት እንፋሎትና በሰበቃ ኤሌክትሪክ የያዘ ዱቄት አንድ ላይ አይገናኙ።

አሁን ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ የገባውን ሶልቬንትና ታንኩ ውስጥ የተጠራቀመውን እመዝናለሁ። የጎደለው ወይ ዱቄቱ ውስጥ ነው፣ ወይ በፓምፑ ሄዷል። እኛ ጋ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ፓምፑ ነበር።