ፊቱ ወዴት ነው? አሮጌ ሕንፃና መልክዓ ምድር የማነሣበት መንገድ

ለአንድ ቀን የፎቶ ጉዞ ስዘጋጅ ከካሜራው በፊት የማወጣው ካርታ ነው። የሕንፃው ፊት ወደ ምሥራቅ ከሆነ ጠዋት፣ ወደ ምዕራብ ከሆነ ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ። ይህን ሳላጣራ የሄድኩ ጊዜ ይዤ የምመለሰው የጠቆረ ግንብና የነጣ ሰማይ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ምንም ብለፋ አይድንም።

ፀሐይ ግድግዳውን ፊት ለፊት ስትመታው ብርሃኑ ይበዛል እንጂ ድንጋዩ አይታይም። የመሮው ምልክት፣ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት፣ የቅርጹ ጠርዝ ጥላ ስለማይጥሉ ሁሉም ጠፍጣፋ ይሆናል። ድንጋይ ሸካራነቱ የሚወጣው ብርሃኑ ግድግዳውን በጎን ታክኮ ሲያልፍ ነው፤ ከግድግዳው ጋር 15 ወይም 20 ዲግሪ ገደማ ሲሠራ። ዝቅ ያለው ወርቃማ ብርሃንም ዕድሜው አጭር ነው። ምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ከአድማስ 6 ዲግሪ ለመድረስ 24 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። ስለዚህ ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ትራይፖዱን ዘርግቼ፣ ፍሬሙን ወስኜ እጠብቃለሁ። ነጭ ባላንሱን (የፎቶውን ቀለም የሚያስተካክለውን ቅንብር) አውቶ ላይ አልተውም፤ ካሜራው ወርቃማውን ብርሃን «ስህተት» ብሎ ያነጣዋል። 5500 ኬልቪን ላይ አስሬው «ሮው» (RAW) በሚባለው ጥሬ ፋይል አነሣለሁ።

በሕንፃ ፎቶ ላይ ከሁሉ በላይ የማየው ችግር የግድግዳ መዝመም ነው። ካሜራው ሲያንጋጥጥ ግንቡ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ሌንስ ከመቀየር በፊት ወደ ኋላ መራመድ ይቀድማል። ፉል ፍሬም ካሜራን (ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነውን) በቁመቱ አዙሬ፣ ሳላንጋጥጥ፣ በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ 20 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ጫፉ የሚገባልኝ ከ25 ሜትር ገደማ ርቀት ነው፤ ሰማይ እንዲተርፍልኝ 30 ሜትር እርቃለሁ። በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ጫፉን ብቻ ለማስገባት 36 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። እርግጥ የፍሬሙ ታችኛ ግማሽ መሬት ይሆናል። የሚያምር ደረጃ ወይም ንጣፍ ካለ እጠቀምበታለሁ፣ ከሌለ እቆርጠዋለሁ። መራቅ የማይቻል ከሆነ አንጋጥጬ አንሥቼ በኋላ አቀናዋለሁ፤ ማቅናቱ ጎንና ጎኑን ስለሚበላ ግን በየጎኑ 15 በመቶ ያህል ትርፍ ቦታ እተዋለሁ። ፍጹም ቀጥ ያለ ረጅም ግንብ አናቱ የሰፋ ስለሚመስል ጥቂት ዝማሜ ባስቀር ይሻለኛል። በስልክ የሚያነሣም በሰፊው 0.5 ሌንስ ከሚቀርብ በ1 ቢርቅ ይጠቀማል።

ሰው የበዛበት ቦታ ሌላ ዘዴ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1838 ፈረንሳዊው የፎቶግራፍ ፈር ቀዳጅ ዳጌር ፓሪስ ውስጥ ያነሣው ጎዳና ባዶ ይመስላል። ሰውና ሠረገላ አልጠፋም፤ ፎቶው ደቂቃዎች ስለፈጀ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ሳይመዘገብ አለፈ፣ ጫማውን ሊያስጠርግ የቆመ ሰው ብቻ ቀረ። በኤንዲ ፊልተር፣ ሌንሱ ፊት ገብቶ ብርሃን በሚቀንሰው ጥቁር መስታወት፣ የምሠራው ይህንኑ ነው። በደመናማ ቀን በአይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ንቃት) 100 እና ኤፍ 11 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን)፣ 1/30 ሰከንድ የሚበቃውን ባለ 10 ስቶፕ ፊልተር (እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) 34 ሰከንድ ያደርገዋል። ብዙ ካሜራ በራሱ የሚቆጥረው እስከ 30 ሰከንድ ስለሆነ «በልብ» (Bulb) በሚባለው፣ ቁልፉ እስኪለቀቅ ሹተሩ (የብርሃን መጋረጃው) ክፍት በሚቆይበት ሞድ ላይ አድርጌ በሪሞት እይዛለሁ። ፎከሱን ፊልተሩ ከመግባቱ በፊት እጨርሳለሁ፣ ከዚያ ማንዋል ላይ እቆልፈዋለሁ፤ ፊልተሩ ከገባ በኋላ አውቶፎከሱ ጨለማ ውስጥ ይዳክራል። ፊልተር ከሌለ ከትራይፖድ ላይ በየ20 ሰከንዱ ከ10 እስከ 15 ፎቶ አንሥቼ በኮምፒውተር በሚዲያን (ለእያንዳንዱ ነጥብ የፎቶዎቹን መካከለኛ ዋጋ በሚወስድ ስሌት) አዋህዳለሁ። እያንዳንዱ ቦታ ከግማሽ በላይ በሆኑት ፎቶዎች ላይ ባዶ መሆን አለበት፤ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው በሁለቱም ዘዴ አይጠፋም። እሱን መጠበቅ ነው፣ ወይም ለፎቶው የከፍታ መለኪያ ማድረግ።

ነፋስ ሲኖር የትራይፖዱን መሐል ምሰሶ አልመዝዘውም። የካሜራውን ማንገቻም አወልቃለሁ፤ እየተርገበገበ ካሜራውን ይነቀንቃል፣ የደበዘዘውን ፎቶ እያዩ ሌንሱን መውቀስም ከዚህ ይመጣል።

ለመልክዓ ምድር በ24 ሚሊ ሜትርና ኤፍ 8 ላይ ፎከሱን 2.4 ሜትር ላይ ማድረግ በሒሳቡ ከ1.2 ሜትር እስከ አድማስ ጥርት ያደርጋል። እኔ ግን 3 ወይም 4 ሜትር ላይ አደርጋለሁ፤ ሒሳቡ የሚፈቅደው ብዥታ በትልቅ ኅትመት ሩቁ ጋራ ላይ ይታያል። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ ፊልተር) ሰማዩን አብዝቶ የሚያጠቁረው ከፀሐይ በ90 ዲግሪ በኩል ስለሆነ በሰፊ ሌንስ ሰማዩ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ገርጥቶ ይወጣል። ለሰማይ ሳይሆን እርጥብ ቅጠል ላይ ያለውን ነጸብራቅ ለማጥፋት ነው የማስገባው፤ ከዝናብ ማግስት ጠዋት፣ ብናኙ ታጥቦ ሲያበቃ፣ ያን ጊዜ ዋጋው ይታያል።

የሕንፃውን ውስጥ ሳነሣ መስኮቱ ነጥቶ እንዳይጠፋ ኤፍ 8 ላይ አስሬ ሹተሩን ብቻ እየለወጥኩ ሦስት ፎቶ አነሣለሁ፦ ሁለት ስቶፕ ቀንሼ፣ መደበኛውን፣ ሁለት ስቶፕ ጨምሬ። ትራይፖድ ከተከለከለ ዓምድ ተደግፌ፣ ወይም ካሜራውን ወለሉ ላይ አስቀምጬ በ2 ሰከንድ ታይመር። ፍላሽ የግድግዳ ሥዕል ባለበት አላወጣም።

ከቦታው ሳልነሣ ስክሪኑ ላይ ሰማዩን አጉልቼ አያለሁ። ኤፍ 16 ላይ የሴንሰር አቧራ ግራጫ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ካየሁት በእጅ ፓምፕ ነፍቼ እንደገና አነሣለሁ፤ በአፌ አልነፋም፣ ምራቅ ከአቧራው ይብሳል።