መውጣት ወይስ መቆየት፦ ከሂዩስተን

የሃሪኬን (ከባሕር የሚነሳው ከባድ አውሎ ነፋስ) ወቅት ጁን 1 ይገባል፤ እስከ ኖቬምበር 30 ይዘልቃል። የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ አንድ ነገር መሽከርከር ሲጀምር እዚህ ሂዩስተን ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ካታጎሪ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ይሄ ጥያቄ ያስጨንቀኛል። ካታጎሪ፣ ማለትም ከ1 እስከ 5 የሚሰጠው ደረጃ፣ የሚለካው የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው፤ ስለ ውኃው ምንም አይናገርም። አይክ የተባለው ሃሪኬን እ.ኤ.አ. በ2008 የባሕር ዳሯ ከተማ ጋልቬስተን ላይ ሲያርፍ ካታጎሪ 2 ነበር፤ የገፋው ባሕር ግን አጠገቧ ባለው ቦሊቫር ላይ የነበሩ ቤቶችን ጠራርጎ ወሰደ። ሃርቪ በ2017 ከተማዋን ያጥለቀለቃት በዝናብ ነው፤ እዚህ ሲደርስ ነፋሱ ደክሞ ነበር።

ስለዚህ ውሳኔው ከአድራሻ ይጀምራል። ሰው እንዲወጣ የሚታዘዝባቸው ቀጠናዎች በዚፕ ኮድ የተከፈሉ ናቸው፤ ከባሕሩ ዳር ተነስተው ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያሉ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ዚፕ ኮድህ እዚያ ውስጥ ካለና ውጡ ከተባለ መውጣት ነው፤ ክርክር የለውም። ከቀጠናው ውጪ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ሰፈር፣ ጠንካራ ቤት ያለው ሰው ግን ቢቆይ እመርጣለሁ። በ2005 ካትሪና ካለፈች ወር ሳይሞላ ሪታ መጣች ሲባል፣ መውጣት የማያስፈልገው ሰው ሁሉ ሀይዌይ ላይ ፈሰሰ። መኪናው በዚያ ሙቀት ለሰዓታት ቆመ፣ ቤንዚን አለቀ። ቴክሳስ ውስጥ ከሞቱት አብዛኞቹን የገደለው ጉዞው እንጂ ነፋሱ አይደለም። ዳላስ አጠገብ በተቃጠለ አንድ አውቶቡስ ብቻ 23 አረጋውያን አልቀዋል።

መውጣት ያለበት ቀድሞ ይውጣ። የመጀመሪያው ማሳሰቢያ የሚወጣው ብርቱው ነፋስ ይደርሳል ከሚባልበት 48 ሰዓት አስቀድሞ ነው፤ ዋናው ማስጠንቀቂያ ሲመጣ 36 ሰዓት ቀርቷል። የመኪና ታንክ የሚሞላው በመጀመሪያው ነው። በኋላ መንገዱ ውኃ ይይዛል፤ 30 ሴንቲሜትር ወራጅ ውኃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 አብዛኛውን መኪና ይወስዳል።

ለሚቆይ ሰው ክፉው ጊዜ ማግስቱ ነው። ቤሪል በጁላይ 2024 ካታጎሪ 1 ሆና ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን መብራት አሳጣች፤ ሙቀቱም ሰው ገደለ። ቤት ውስጥ በኦክስጅን ማሽን የሚተነፍስ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ ሽማግሌ ካለ፣ የመብራት መጥፋት ብቻውን ለመውጣት በቂ ምክንያት ነው። ለሌላው ውኃ በሰው በቀን አንድ ጋሎን ይያዝ፤ ለአምስት ሰው ለሳምንት 35 ጋሎን መሆኑ ነው። ሙሉ ፍሪዘር ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያቆያል።

ከሁሉ አጥብቄ የምለው የከሰሉን ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ ምድጃ ሳሎን አስገብቶ ቡና ማፍላት ያምራል። የዚህ አገር ቤት ግን ለኤሲ ሲባል ጥርቅም ተደርጎ የተዘጋ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ አስመስሎ ይወስዳል። ጀነሬተርም እንዲሁ፦ ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭሱ ከመስኮት ዞሮ። የጋራዡን በር መክፈት አያድንም።

ልጆቻቸው ሥራ ሲሄዱ ቤት የሚቀሩ እናቶችና አባቶች ስልኩ በእንግሊዝኛ ሲጮህ ምን እንደተባለ አያውቁም። የቀጠናው ፊደል፣ የሚሄዱበት ቤትና የሚወስዳቸው ሰው ስልክ በአማርኛ ተጽፎ ፍሪጁ ላይ ይለጠፍላቸው። መኪና የሌለው ወይም መንቀሳቀስ የማይችል ካለ፣ የቴክሳስ የእርዳታ ስልክ ወደሆነው 211 ደውሎ ከወቅቱ በፊት ያስመዝግብ። መመዝገብ ግን መጥተው እንደሚወስዱት ዋስትና አይሰጥም፤ የሚያነሳው ጎረቤት ወይም ዘመድ ከአሁኑ ይነገረው።